አባቴንም ድርቁንም የቻሉ ተክሎች

አባቴ አንድ ቦታ ቆሞ የሚያድግ ነገር አለ ብሎ አያምንም ነበር። በእሱ ዓይን ተክል ማለት ዛሬ እዚህ፣ ለከርሞ እዚያ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥግ እየተነቀለ የሚተከል ነገር ነው። አልፈርድበትም፣ የእንሰት ሰው ነው። በእኛ አገር በአገና በኩል እንሰት የሚያድገው እንደዚያ ነው። ችግኙ ብቅ ካለ በኋላ ይነቀልና ሌላ ቦታ ይተከላል፤ ትንሽ ወፈር ሲል እንደገና ይነቀላል። በየዕድሜው ስሙም ቦታውም ይለወጣል። ሳይነቀል የኖረ እንሰት ቀጭጮ ይቀራል ይላሉ። ይህ ለእንሰት እውነት ነው። አባቴ ግን ለጽጌረዳም እውነት ነው ባይ ነበር።

እኔ ደግሞ ወልቂጤ ላይ የአበባ ግቢ ይኑረኝ ብዬ የተነሣሁ ሴት ነበርኩ። ከተማዋ የዞኑ ዋና ከተማ ተብላ መሥሪያ ቤቶች በየጥጉ ሲከፈቱ፣ በአንዱ ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ቤት ሠርተን የገባን ሰሞን እሱ በግድግዳው ስንጥቅ ሲጨነቅ እኔ በግቢው እጨነቅ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ከመስኮታቸው ሥር ጽጌረዳና ዳሊያ አስተክለው ስለነበር ከእሳቸው ማነስ አልፈለግሁም። ጽጌረዳውን ተከልኩ፣ ዳሊያውን ተከልኩ፣ ከወንዝ ዳር ሣር አስመጥቼ አነጠፍኩ፣ አንድ አቮካዶም ጨመርኩበት። ቁጡ ነኝ። ሣሬን የረገጠ እንግዳ ምሳው ሳይጥመው ነበር የሚሄደው።

እናቴ ስትሞት አባቴ አገና ብቻውን ቀረ። እንሰት መትከል፣ መንቀልና መኮትኮት የወንድ ሥራ ነው፤ መፋቅና ቆጮ ማድረግ ግን የሴት ነው፣ ወንድ አይነካውም። ስለዚህ አባቴ ጓሮ ሙሉ እንሰት እያለው ጎረቤት ቆጮ የሚልክለት ሰው ሆነ። ይህ አንገቱን አስደፋው። አንድ ጊዜ ደግሞ ትኩሳት ጥሎት፣ ከጣሪያው ጭስ አለመውጣቱን ያየች ጎረቤት ናት ገብታ ያገኘችው። ይህን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ። መርካቶ የሚነግዱት ወንድሞቼ ወሰዱት፤ ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። «በጥፍር እንኳ የሚጫር አፈር የለም» ነው ያለው።

እኔ ጋ ና ብዬ ስለምነው ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረው። በእኛ ዘንድ አባት ሴት ልጁን ሊጠይቅ ይመጣል እንጂ አማቹ ቤት አይኖርም። ባለቤቴ ራሱ ሄዶ ለመነው። አባቴ አመሰገነው፣ መረቀው፣ አልመጣም አለው።

ያመጣው የምንጩ መድረቅ ነው። ከቤቱ በታች ያለው ምንጭ ጥር ላይ ጠፋና ውሃ ለመቅዳት ገደሉን መውረድ ግድ ሆነ፤ ጉልበቱ ደግሞ ለዚያ አልበቃም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአገና በመጣ ሚኒባስ ወረደ። ከመኪናው ጣሪያ ላይ በደረቅ ኮባ የተጠቀለሉ የእንሰት ችግኞች አብረውት ወረዱ። እንደ ልጅ አቅፎ ወደ ግቢ አስገባቸውና ገና በሩ ላይ እንደቆመ፣ «የመጣሁት ዝናቡ እስኪጥል ነው» አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው፣ ለባለቤቴ ነው። «ምንጩ ውሃ እንደያዘ እሄዳለሁ።»

ባለቤቴ «ቤትዎ ነው አባባ» አለው። አባቴም የሰው ቤት መሆኑን እያወቀ ራሱን በትሕትና ነቀነቀ።

ያን ዓመት በልግ ቀረ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፣ ሰማዩ ተወልውሎ የተሰቀለ ሳህን መሰለ። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ እሱም ሰው ሥራ ላይ ሳለ ነው። የአህያ ጋሪዎች ቢጫ ጀሪካን ጭነው ከሰፈር ሰፈር ይዞራሉ። የግቢዬ ጥቁር አፈር ተሰነጣጥቆ ማንኪያ ቢወድቅበት የሚውጥ ሆነ። ዳሊያዎቼ ቀድመው ሞቱ፤ ሲጀመርም የቅንጦት ነበሩ። ሣሩ ገለባ ሆነ። ባለቤቴ የዝናቡን መቅረት በነፋስ አቅጣጫና በውቅያኖስ ሙቀት ያስረዳኛል፤ መቼ እንደሚዘንብ ስጠይቀው ግን ይህ ሌላ የትምህርት ዘርፍ ነው ይላል።

እኔ እልኸኛ ነኝ። የሞተው ይሙት፣ ድርቅ የማይበግረው ተክል መርጬ እተክላለሁ አልኩ። የምመርጠው እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ሰው የሚንከባከበውን ተክል ማየት ከንቱ ነው፤ እሱ በሰው ጉልበት ነው የቆመው። እኔ ከቢሮ ስወጣ ማንም የማያጠጣውን ፍለጋ እዞራለሁ። በሩ ከታሸገ የቆየ አንድ መጠጥ ቤት ግቢ ውስጥ ቡገንቪላ አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ ያብባል፤ ባለቤቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፣ ቡገንቪላው ግን ግድ የለውም። ከመናኸሪያው አጥር ሥር ሰንሰል አለ፤ መኪናው ሁሉ አቧራውን ያለብሰዋል፣ ሥሩ ላይ የማይሸናበት ወያላ የለም፣ እሱ ግን አረንጓዴ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ጀርባ ደግሞ በተጣለ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ እሬት አገኘሁ። ቆርቆሮው ዝጎ አልቋል፣ እሬቱ ወፍሯል። ከያንዳንዳቸው ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ በቦርሳዬ ይዤ እሄዳለሁ። በኋላ አንዲት ሴትዮ መንገድ ላይ አስቁማኝ፣ ለጨጓራ የሚሆነው የትኛው ነው ብላ ጠየቀችኝ። መድኃኒት ለቃሚ ተብዬ ስም ወጥቶልኛል ለካ።

አባቴ የማመጣውን ሁሉ በሩ ላይ ይፈትሻል።

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ለምኑ ነው?»

«ለማማር።»

«ለማማር ውሃ ይጠጣል?»

ቡገንቪላው ፈተናውን ወደቀ፣ እሬቱም መራራ ነው ተብሎ ወደቀ፤ እኔ ግን በግድ ተከልኳቸው። ያለ ክርክር ያለፈው ከጎረቤቴ ያመጣሁት የጥብስ ቅጠል ብቻ ነው። እሱንም አሽትቶት «ሥጋው የታለ?» አለኝ።

አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ ጽጌረዳዬ ቦታው የለም። ከመስኮቱ ሥር የነበረው ወደ ቤቱ ማዕዘን ሄዷል። አቮካዶው ከማዕዘኑ ወደ ኋላ ዞሯል። ሰንሰሉም ሥር ሳይሰድ ተነሥቶ ተሰልፏል። አባቴ ዶማውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ የደከመ ሰው ኩራት አለ።

«ምነው አባዬ? ምን አደረጉህ?»

«ተኝተው ነበር። ቀሰቀስኳቸው።»

«ጽጌረዳ እኮ አይነቀልም!»

«ማን ነው ያለው?»

«ሰው ሁሉ ነዋ።»

«እንሰት በዓመት አንዴ ይበቃዋል፤ ያንቺዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋሉ» አለኝ። ጮህኩ። እሱም ጮኸ። ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩ ያን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። ባለቤቴ በመካከላችን ቆሞ ስለ አፈር እርጥበት ሊያስረዳን ሲሞክር ሁለታችንም ዞረን እሱ ላይ ጮህን። ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ።

አቮካዶው ሳምንት ሳይቆይ ሞተ። አባቴ አልተጸጸተም፣ «ድሮም ልብ አልነበረውም» አለ። ጽጌረዳዎቹም ተከተሉት። እኔ ቢሮ በዋልኩ ቁጥር ግቢው ይዘዋወር ነበር፤ የቀረው ተክል ሁሉ ቀስ በቀስ ከቤቱ ፊት ወደ ጓሮ ተሰደደ። ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው ማን የት እንዳለ መፈለግ ነበር። ታዲያ በዚህ ሁሉ መንከራተት ውስጥ የማይሞቱ መኖራቸውን አየሁ። ሰንሰሉ ባገኘበት ቦታ ቆሞ ቅጠል ያወጣል። እሬቱ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ሁለት ቀን ጸሐይ ላይ ውሎ ሲተከል ምንም እንዳልሆነ ይቆማል። የጥብስ ቅጠሉ ይኮሳተርና ይለመልማል። ቡገንቪላው ቅጠሉን ሁሉ ጥሎ ሞተ ሲሉት በእሾሁ መካከል ብቅ ይላል።

ከዚያ ወዲህ መምረጡን ተውኩት። አዲስ ቅርንጫፍ ሳመጣ በሩ ላይ አስቀምጬ ገባ እላለሁ፤ የቀረውን አባቴ ይጨርሰዋል። ሌሎች ሰዎች ተክላቸውን የሚፈትኑት በድርቅ ብቻ ነው። የእኔ ግን ድርቁን ችሎ አባቴንም መቻል ነበረበት።

የራሱን እንሰቶች ከበሩ አጠገብ፣ የወጥ ቤቱ እጣቢ በሚወርድበት ጥግ ተጠጋግተው እንዲቆሙ አድርጎ ተክሏቸው ነበር። እነሱን አልነካቸውም። እንሰት ውሃ አይለምንም እያለ ይመጻደቅብኛል። እውነትም የውጪው ቅጠላቸው ደርቆ ግንዳቸው ላይ ሲጠመጠም የውስጠኛው አረንጓዴ ነበር። ግን አንድ ጠዋት በመስኮት ሳይ አባቴ ማስታጠቢያውን ይዞ እላያቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይታጠባል። ደግሞ ይታጠባል። አንገቱን፣ ክንዱን፣ እንደገና ፊቱን። በሕይወቴ እንደዚያ ሲታጠብ አይቼው አላውቅም። እሱ የሚያፍርበትን ነገር ማወቅ ለክፉ ቀን ይጠቅማል ብዬ ያዝኩት።

ጎረቤቴ ከመስቃን የመጣች ነጋዴ ናት፤ በዕድሜ ትልቅ እህት ትሆነኛለች። የእሷ ሎሚ ግን በድርቁ መሐል እንደ ክረምት ያበራ ነበር። ምስጢሩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ ለሶላት የሚታጠብበት የውዱእ ውሃ በቀን አምስት ጊዜ ሎሚው ሥር ይፈሳል። አባቴ በአጥሩ ላይ ያየውና ይቀናል። «እኛም አምስት ጊዜ ብንጸልይ ምናለበት» ይላል፣ እሷም ትስቃለች። የልቤን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ዝናብ ዝናብ እያለ ነው። እኔም እላለሁ፣ ግን ዝናቡ የመጣ ቀን አባቴ ይሄዳል።

«አላህ ይዘንልሽ» አለችኝ። ትንሽ አሰበችና ደግሞ፣ «ከአገና በቀር በሌላው ሁሉ ይዝነብ ብዬ ዱዓ ላድርግልሽ?» አለች። ተሳሳቅን።

ቀልዱ ግን ሩቅ አልሄደም። ከቆላው በኩል ከሲታ በሬዎቻቸውን እየነዱ ለገበያ የሚመጡ ገበሬዎች በበራችን ያልፉ ነበር፤ ፊታቸውን አይቶ ድርቁ ይቆይልኝ የሚል ሰው ሰው አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ምህላ ተይዞ ሕዝቡ ሲንበረከክ እኔም ተንበረከክሁ። አምላኬ አዝንበው፣ ግን ምንጩን ቀስ ብለህ ሙላው አልኩ። ዝናቡን ከልቤ ፈለግሁ፣ አባቴንም ከልቤ ፈለግሁ፤ ሁለቱ ደግሞ አብረው አይገኙም። በዚያ ባዶ ቤት ሌላ ትኩሳት ቢጥለው፣ ጭሱን የምታይ ጎረቤት ያን ቀን ገበያ ሄዳ ቢሆንስ? ይህን እያሰብኩ የምህላውን ግማሽ አልሰማሁትም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረና ጣለ። ሰፈሩ እልል አለ። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ድስት ሁሉ ወጣ። አባቴ ከቤት ወጥቶ ገመድ አመጣና እንሰቶቹን ለመንገድ ለማሰር ተዘጋጀ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ዝናቡ ቆመ። አባቴ ተቀመጠና ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ። አወጣት፣ አያት፣ ከጥፍሩ በታች ደረቅ አቧራ ነው።

«ይህ ዝናብ አይደለም፣ ምራቅ ነው» አለ። ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ቤት ገባ። ያን ማታ ጎመን በአይብ ሠርቼ፣ ከሁሉም አብልጬ ለእሱ አወጣሁለት። ድርቅ ሆኖ ምን ያስደስትሻል ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። ቅቤው ሊበላሽብኝ ነው አልኩት።

እውነተኛው ዝናብ ሰኔ ላይ መጣ። አንድ ቀን አይደለም፣ ሦስት ቀን ቀንና ሌሊት ነው የወረደው። መንገዱ ወንዝ ሆነ፣ የአፈሩ ስንጥቅ ሁሉ ተዘጋ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ትዝ ሲላት ፊቷ ጠቆረ። ቢሮ ሄጄ የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጥኩ፤ አንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ተይቤ ሌላውን ረሳሁት። ከሰዓት አስፈቅጄ ወጣሁ።

የግቢውን በር ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የእጣቢውን ጥግ ነው። እንሰቶቹ የሉም። ባዶ ጉድጓዶቹ ውሃ አቁረዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ቤት ገብቶ ያያል፣ ይጣራል፣ ይጠይቃል። እኔ ግን ዞሬ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። ጃንጥላዬን በሩ ላይ ጥያለሁ፤ ጫማዬ ጭቃ ጎርሷል። የአገና ሚኒባሶች ጋ ደርሼ እንሰት የያዘ ሽማግሌ አይታችኋል ብዬ ሾፌሩን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ «እማማ፣ በዚህ ዝናብ እንሰት ይዞ ማን ይሳፈራል?» አለኝ። እማማ መባሌም አናደደኝ። ማንም አላየውም። ቀደም ባለው መኪና ሄዷል ብዬ፣ ሳይሰናበተኝ ሄዷል ብዬ፣ በዝናቡ ውስጥ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ደግነቱ ዝናብ ውስጥ ማን ያይሻል።

በሩ ስደርስ ከጓሮ የባለቤቴ ድምፅ ይሰማል። ያጉረመርማል። ቤቱን ዞሬ ሄድኩ።

ስንት ወር ሙሉ ከሞት የተረፉት ተክሎቼ ተነቅለው አጥሩ ሥር ተከምረዋል። ሰንሰሉ፣ እሬቱ፣ የጥብስ ቅጠሉ፣ ቡገንቪላው ጭቃ ላይ ተጋድመዋል። ጓሮው ባዶ ሆኗል። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ራሱ ላይ ፌስታል ደፍቶ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እንሰቶቹ አጠገቡ ተደርድረዋል። ባለቤቴ የትምህርት ቤት ኮቱን ሳያወልቅ የገመድ ጫፍ ይዞ ቆሟል።

«ተመልከች» አለኝ ባለቤቴ፣ «ከአንዱ እስከ አንዱ አንድ ክፍል ቤት ይሠራበታል። ለምን ይህን ያህል እንደሚያራርቋቸው ጠይቂልኝ። እኔ ብጠይቃቸው ገመዱን ወጥር ብቻ ነው የሚሉኝ።»

መጠየቅ አላስፈለገኝም። እንሰት ገና የሚነቀል ሲሆን ተጠጋግቶ ይተከላል። ቦታ የሚለቀቅለት የመጨረሻው ጊዜ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያነሳውም። እዚያው ይሰፋል፣ እዚያው ዓመታት ይኖራል፣ የተከለውም ሰው አጠገቡ ሆኖ እስኪደርስ ይጠብቀዋል። ያ የመጨረሻ ቦታው ደግሞ በእኛ አገር ከቤት ጀርባ ነው። ይህን ሁሉ ባለቤቴ አያውቅም፤ የከተማ ልጅ ነው።

ስለ ተክሎቼ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር።

አባቴ ቀና አለ። ዝናቡ በአፍንጫው ላይ ይወርዳል። ስለ ምንጩ አላነሳም፣ ስለ መሄድም አላነሳም። «ባልሽ ገመድ መያዝ አይችልም፣ አላልቶታል» አለኝ። «አንቺ ያዢው።»

ከባለቤቴ እጅ ገመዱን ተቀበልኩና ወደ ኋላ ራቅሁ።

«ራቅ በይ» አለኝ።

ራቅሁ።

«አሁንም ራቅ በይ።»

ጀርባዬ አጥሩን እስኪነካ ድረስ ራቅሁለት።